ከተማዋን ማን ቆረቆራት?

አማርኛችን ሰው ተሰባስቦ ለሚውልበትና ለሚኖርበት ስፍራ ሁለት ስም አለው። አንዱ ከተማ ነው። ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሠራዊቱን አስከትሎ ሲጓዝ ሰንብቶ ከአንድ አምባ ላይ ድንኳኑን ሲተክል «ከተመ» ይባል ነበር፤ የከተመበትም ቦታ ከተማው ነው። ሌላው ገበያ ነው። ገበያን የሚተክለው ድንኳን የለም። ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሜዳ ላይ፣ ያለውን ይዞ የሌለውን ፍለጋ ይመጣል፤ ሲመሽ ይበተናል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይመለሳል። ይህ መምጣትና መበተን ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ከሜዳው ዳር አንዲት ጠላ ቤት ትቀለሳለች። ቀጥሎ ሱቅ፣ ቀጥሎ ወፍጮ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን መንግሥት ካርታው ላይ ነጥብ ያኖርና «ከተማ» ብሎ ይመዘግበዋል።

በጎንደር ምድር ስማቸው ይህንኑ ታሪክ የሚናገር ከተሞች ሞልተዋል። ማክሰኝት ማክሰኞን፣ ሐሙሲት ሐሙስን ተሸክመው ይኖራሉ። ወደ ሸዋ ስንሻገር ሮቢትና ሰንበቴ አሉ። እኔ ዛሬ የማነሣት የታች ጋይንቷን አርብ ገበያን ነው። (በደራም ሌላ አርብ ገበያ አለች፤ እንዳትምታታብን።) ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አገር ውጭ ያለ ሰው ስሟን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። የታሪክ መጻሕፍትም ብዙ ገጽ አልሰጧትም። ስሟ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይናገራል። ይህችን ከተማ የቆረቆራት ንጉሥ ወይም ራስ ሳይሆን አንድ የሳምንቱ ቀን ነው። ቀኑን ቀን ያደረጉት ደግሞ በዚያ ቀን የሚመጡት ሰዎች ናቸው።

እንዲያው የስም ትንታኔ አምሮኝ አይደለም። በየአዳራሹ፣ በየዐውደ ጥናቱና በየዜናው «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ፣ ዘላቂነት ያለው የከተማ ልማት» የሚለው ሐረግ እንደ ሃሌሉያ ይደጋገማል። ሐረጉን የሚቃወም ሰው አላየሁም። እኔም አልቃወምም። ግን ለመሆኑ ይህ «ኅብረተሰብ» የተባለው ማን ነው? ማንስ መረጠው? «ተሳተፈ» ሲባልስ ምን አደረገ ማለት ነው? አርብ ገበያን ስመለከት ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለመደው መልስ አያረካኝም። ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጓት ሰዎች አብዛኞቹ አያድሩባትምና።

ታች ጋይንት ደጋውንም ቆላውንም የያዘ ወረዳ ነው፤ መሬቱ እየተሰባበረ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። አርብ ለመገበየት ከቆላው የምትነሣ ሴት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መንገድ መጀመር አለባት። በጀርባዋ ሸክም፣ በእጇ አንዲት ዶሮ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ከኋላዋ ባሏ ወይም ልጇ አህያ እየነዳ ይከተላል። ከደጋው በኩል ደግሞ ገብስና ባቄላ፣ በግና ማገዶ ይመጣል። ሸክላ ሠሪዋ እንስራና ምጣዷን በገለባ ጠቅልላ፣ እግሯን እየመረጠች ትራመዳለች፤ አንድ ጊዜ ብትደናቀፍ የሳምንት ድካሟ ገል ይሆናል። ሸማኔው ጋቢውን አጣጥፎ ይመጣል። ረፋድ ላይ ሜዳው ይሞላል። እህል ተራ፣ ጨው ተራ፣ ከብት ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ቅቤ ተራ እያለ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ይህን አቀማመጥ በወረቀት የሣለ መሐንዲስ የለም። ቢሆንም አቀማመጡ በዘፈቀደ አይደለም፤ ቅቤ ሻጯ ጥላ ወዳለበት፣ ከብቱ ወደ ውኃው፣ ሸክላው ከከብቱ ርቆ ነው። የአጎራባች ገበያዎች ቀናትስ ቢሆኑ? አንዱ ማክሰኞ፣ ሌላው ሐሙስ፣ ሌላው ቅዳሜ እየሆኑ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር፣ ገበሬውም ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ ተደርገዋል። መሪ ፕላን የሚባለው ነገር ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

መቼም ገበያን እንደ ገነት አድርጌ ልሥለው አልፈልግም። በድሮው ዘመን ገበያ ጌታ ነበረው፤ ነጋድራሱ ቀረጡን ይሰበስባል፣ ኬላው ነጋዴውን ያስቆማል፣ አዋጅም በነጋሪት የሚነገረው እዚያው ነው። መንግሥት ሕዝቡን ማግኘት ሲፈልግ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ወደ ገበያ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ሊናገር እንጂ ሊጠይቅ አለመሄዱ ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ስንመለስ፣ እንደ ማንኛዋም የደጋ ከተማ አርብ ገበያም የምትኖረው ከዙሪያዋ በሚመጣ ነገር ነው። ውኃው ከዳገቱ ይመጣል፣ ማገዶው ከገጠሩ። ኩበቱም እንደዚያው። አንዲት ሴት ኩበት ጭና ወደ ከተማ ስትገባ ለማሳዋ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ነገር ለከተማው ምድጃ እየሸጠች ነው። በክረምት ደግሞ የከተማው ጎርፍ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ቁልቁል ወደ ማሳው ይወርዳል። እንግዲህ ስለ «ዘላቂነት» የሚጠየቅ ሰው ካለ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባት ይህች ሴት ናት። ከተማዋ ማሳዋን እየበላች ማደግ ትችል እንደሆነ የምታውቅ እሷ ናት። በከተማው የነዋሪ መዝገብ ላይ ግን ስሟ የለም። ስብሰባ ሲጠራ አትጠራም። ፕላን ሲወጣ የገበያው ሜዳ «ለሌላ አገልግሎት» ሊባል ይችላል፤ ገበያው ርቆ ሲወሰድ የሚጨመረውን መንገድ በእግሯ የምትለካው ግን እሷ ናት።

ገበያን ማዛወር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገዢዎቹ ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ለመክፈል ባወጡት ፕላን መሠረት ገበያው ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ እንዲሰፍር ተደረገ። ገበያተኛው አልተጠየቀም፤ ቅኝ ገዢ ደግሞ ይጠይቃል ተብሎ አይጠበቅም። የሚገርመው ግን መርካቶ ከዚያ በኋላ የሆነውን መሆኑ ነው። የተገፋው ሰው የተገፋበትን ቦታ በራሱ ሥርዓት አደራጅቶ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረገው። አንዳንድ ሰው ይህን ጠቅሶ «አያችሁ፣ ሳይጠየቅም ይለምዳል» ይል ይሆናል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ከተማ የመሥራት ችሎታ ያለው ሕዝብ ፕላኑ ሲነደፍ ከደጅ መቆሙን።

የከተማን ነገር ካነሣን አይቀር በዚያው በጋይንት መሬት ላይ ያለፈ አንድ ታሪክ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ይዘው በጋይንት በኩል፣ ተራራውን እየቆረጡ፣ ገደሉን እየሞሉ፣ መንገድ እየሠሩ ተጓዙ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በዚያ ጉዞ የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እንጠይቅ፤ ያ መንገድ የማን ነበር? የጋይንት ገበሬ ወደ የት እንዲሄድበት ነበር የተሠራው? ደብረ ታቦርስ? ከተማ የንጉሡ ሰፈር ከሆነ ንጉሡ ሲለቅቁ ማቃጠላቸው የሰፈር አመክንዮ ነው፤ ድንኳን ይነቀላል እንደ ማለት ነው። በከተማው የሚኖረው ሰው አስተያየት አይጠየቅም፤ እሱ የሰፈሩ ተከታይ ነውና።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነጥብ አለ። አለቃ አብሮን ድንጋይ ስለተሸከመ ተሳትፎ ነበር ማለት አይቻልም። ድንጋይ የምንሸከመው ወደየት እንደሆነ አብረን ከወሰንን ነው ተሳትፎ የሚሆነው። ይህ ነገር ግልጽ ይመስላል፤ በእኛ አገር ግን አንድም ዘመን ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

በድሮው ዘመን «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» የሚባል ነገር ነበር። ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ይህ መሰብሰብ ነው፤ መመካከር ግን አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌን ማለቴ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሰፈርተኛው ራሱ ሰፈሩን የሚያስተዳድርበት ነበር፤ አንዳንዱም ሠርቷል፤ መንገድ የጠረገ፣ መሠረተ ትምህርት ያስተማረ ቀበሌ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌ ስኳር የሚታደልበት፣ ስብሰባ የቀረ የሚቀጣበት፣ ከዚያም አልፎ ሰው ታስሮ የሚገደልበት ሆነ። ያን ያየ ትውልድ «ስብሰባ አለ» ሲባል ወደ በሩ የሚያየው በምክንያት ነው። እኔ የተወለድኩት በዚያ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ ያን አመለካከት ግን ከእናቴ ፊት ላይ አንብቤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ «መዋጮ» ዞረ። አንድ ወረዳ «በሕዝብ ተሳትፎ ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ» ሲል ተሳትፎው ብሩ ነው። «በሕዝብ ተሳትፎ መንገድ ተጠረገ» ሲል ተሳትፎው ጉልበቱ ነው። መዋጮን አልንቅም። በየከተማው የተነጠፈው ኮብልስቶን በብዙ ሰፈር የነዋሪው ገንዘብ አለበት፤ ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ፣ ከቤት ቤት ዞሮ ሰብስቦ ያስነጠፈው መንገድ ከሌላው የተሻለ ሲጠበቅ አይቻለሁ። ሰው የከፈለበትን ይሳሳለታል። ነገር ግን የኮብልስቶኑ ገንዘብ የሚዋጣው መንገዱ የት እንደሚያልፍ ከተወሰነ በኋላ ነው። እጅ ይጠየቃል፣ ኪስ ይጠየቃል። አፍ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ፣ ለማመስገን ነው።

ስብሰባ በመዘገብ እንጀራ የበላሁባቸው ዓመታት ስለነበሩ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የወረዳ ከተማ አዲስ የከተማ ፕላን ለነዋሪው ሲቀርብ ተገኝቼ ነበር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ባለ ቀለም ካርታ ተሰቅሏል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ ነው። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ ከልቡም ያስረዳ ነበር። ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ አህያው የት ይቆማል?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም፤ ወደ ካርታው ዞሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በገበያ ቀን ወደዚያች ከተማ የሚገባው አህያ ስፍር ቁጥር የለውም። በካርታው ላይ ለመኪና ማቆሚያ ሁለት ቦታ ተለይቶ ነበር። አህያ የሚባል ነገር አልነበረም። መድረኩን የሚመሩት ሰው «በሂደት የሚታይ ይሆናል» ብለው ወደሚቀጥለው አስተያየት አለፉ። በማግሥቱ የወጣውን ዜና ልንገራችሁ? «የስብሰባው ተሳታፊዎች በፕላኑ መደሰታቸውን ገልጸው ለተግባራዊነቱ የበኩላቸውን እንደሚወጡ አረጋገጡ።» ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የማያውቅ ሪፖርተር በአገራችን አይገኝም።

ሕጉ ምን ይላል ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሕጉ አይታማም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የነዋሪውን ተሳትፎ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ ማስለቀቂያና ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲወያዩበት ያዛል። አንድ ዓመት! ይህን አንብቤ ተመልሼ ያነበብኩት ማመን አቅቶኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ የተነሣ ሰው ስለ ቀናትና ስለ ሳምንታት እንጂ ስለ ዓመት ሲያወራ አልሰማሁም።

ስለ ፒያሳ አንድ ነገር ልበል። አዲሱ መንገድ ያማረ ነው፤ ለእግረኛ ሰፊ ነው፤ ማታ ብርሃን አለው፤ ይህን የሚክድ ሰው ለክርክር ሲል የሚከራከር ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ መኖርም ቅርስ አይደለም፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ሰው ቅርስህን ጠብቅ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን አንድ ሰፈር ሲነሣ በጭነት መኪና የማይጫን ዕቃ አለ። እድር ነው። አርባ ዓመት አብረው የቀበሩ ሰዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ዳርቻ ሲሄዱ ድንኳኑና ሰሃኑ ይከፈል ይሆናል። ማን ለማን ሌሊት በር እንደሚያንኳኳ የሚያውቀው እውቀት ግን አይከፈልም። ፕላን አውጪው ይህን በካርታ ላይ ማየት አይችልም፤ ጥፋቱም አይደለም። የሚታይበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ።

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች ያለው ሕዝቡን ማባበልና መጠምዘዝ ነው፤ ከላይ ያለው ዜጎች ራሳቸው የሚወስኑበት ነው። መካከል ላይ «ማሳወቅ» እና «ማማከር» አሉ፤ እነዚህን ገና የማስመሰያ ደረጃዎች ትላቸዋለች። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው በጀት የተወሰነው ለምን እንደሚውል እንዲከራከሩ በማድረግ ከመሰላሉ ከፍ ለማለት ሞክራ ነበር። የእኛ ስብሰባ ብዙውን ጊዜ የትኛው እርከን ላይ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ላይ ግን ጎረቤቴ የሆነ አንድ መሐንዲስ የሚያነሣው ሙግት አለ፤ ሳልመልስለት ባልፍ ፍትሕ አይሆንም። «ሕዝቡ ሁልጊዜ ልክ ነው ያለህ ማን ነው?» ይለኛል። «ብትጠይቀው ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው የሚተክለው።» እውነቱን ነው። የባሕር ዛፍ ታሪክ ራሱ ሁለት ፊት አለው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለውን ደን ጨርሳ ማገዶ አጣች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን ያለማው ደግሞ ሰው በየግቢው፣ የራሴ ብሎ መትከሉ ነው። ያ እውነተኛ ተሳትፎ ነበር። ያው ባሕር ዛፍ ዛሬ በየደጋው ከምንጭ አጠገብ ተተክሎ ውኃ ይሻማል፤ የጎረቤትን ማሳ ያደርቃል። አንዱ ለራሱ በመረጠው ሌላው ይጠማል። ስለዚህ መሐንዲሱ ያስፈልጋል። ተዳፋቱን፣ የከርሰ ምድር ውኃውን፣ የጎርፉን መንገድ እሱ ያውቃል። አህያው የት እንደሚቆም ግን አያውቅም። ችግሩ ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ በእኩል ክብር አለመቀመጣቸው ነው።

ሁለተኛው ሙግት የባሰ ይከብደኛል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንላለን። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ያገሩን ነገር ያገሩ ሰው ይወቀው ማለታችን ነው። ግን በሬው ማን ነው? ሰርዶውስ? እስቲ ያቺን ሸክላ ሠሪ እናስብ። በእሷ ድስት የሚበላው ሕዝብ ቡዳ ናት ብሎ ይፈራታል፤ በብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከሌላው ጋር አይጋባም። ስብሰባ ቢጠራ እሷ እጇን ታወጣለች? ብታወጣስ ይሰማታል? በእስቴ የተወለዱት ዙምራ ኑሩ ወንድና ሴት እኩል ይሥሩ፣ አረጋዊ ይጦር፣ ሰው በሃይማኖት አይለያይ ብለው ተነሥተው የገዛ ወገናቸው እንደ እብድ ቆጥሯቸው ነበር። በ1964 ዓ.ም. በፎገራ አውራምባ ላይ ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ሰፈሩ። ጎረቤት ጠላቸው፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ እስከ መሰደድ ደረሱ፤ ሲመለሱም መሬታቸው ተይዞ ጠበቃቸው። ዛሬ አውራምባ ጎብኚ የሚጎርፍባት መንደር ናት። አባላቷ በጋራ ተወያይተው፣ በኮሚቴ ተከፋፍለው፣ ትምህርት ቤታቸውንና የአረጋውያን ቤታቸውን ራሳቸው አቁመዋል። በአንድ በኩል ማኅበረሰብ የራሱን ሰፈር ሊሠራ እንደሚችል የምጠቅሳት ምርጥ ምሳሌዬ ናት። በሌላ በኩል ያባረራቸውም «ኅብረተሰቡ» ነበር። በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ አውራምባ ዛሬ አትኖርም። እንግዲህ «ሕዝቡን ጠይቁ» ስል ሽማግሌዎቹን ጠርታችሁ በቃ በሉ ማለቴ አይደለም። ከአዳራሹ የቀረውን ፈልጎ መጠየቅ ዋናው ድካም ነው።

በእነዚህ ወረዳዎች የጥያቄውን ክብደት የሚጨምር ሌላ ነገር አለ። ጋይንትና ስማዳ ድርቅ ደጋግሞ የጎበኛቸው አገሮች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በአካባቢው ለብዙ ቤተሰብ የምግብ ክፍተት መሙያ ሆኗል፤ ጉልበት ያለው ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል፤ በምትኩ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። ዳገቱን የከበበው እርከን የዚህ ድካም ፍሬ ነው፤ አፈር ይዟል፣ ምንጭ መልሷል የሚባልበትም ቦታ አለ። መርሐ ግብሩ ሥራው የት እንደሚሆን ሕዝቡ በቀበሌ ደረጃ እንዲያቅድ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የተራበ ሰው ዕቅድ ሲቀርብለት ምን ይላል? «ይህ እርከን እዚህ አያስፈልግም፣ ጎርፉ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው» ለማለት ስሙ ከዝርዝሩ እንደማይፋቅ እርግጠኛ መሆን አለበት። የሥነ ምግባር ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ፈቃድ የሚባለው ነገር እምቢታ የሚቻል ሲሆን ነው። «አይሆንም» ሲል እህሉ፣ ቦታው ወይም ነፃነቱ የሚቀርበትን ሰው «እሺ» አስብሎ ፈቀደ ማለት አይቻልም። እሺታውን በቃለ ጉባኤ መዝግቦ ማስፈረም ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ነገ ሲቸገር «አንተው ፈርመሃል» ይባላልና።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ሆኖ ይህ ሁሉ እጥፍ ከብዷል። ሰው በአደባባይ የተናገረው ቃል በማን ጆሮ እንደሚወድቅ ማወቅ በማይችልበት ጊዜ ስለ ገበያ ሜዳና ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ እንኳ የልቡን አያወጣም። አንዳንዶች «በዚህ ጊዜ ስለ ከተማ ፕላን ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። እኔ እንዲያ አላስብም። በዚህ ሁሉ መካከል ሰው ገበያ መሄድ አልተወም፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል፣ ሲከፈት ይመጣል። ከተማ የምንለው ነገር አሁንም በዚህ መምጣት ላይ ነው የቆመው።

እንግዲህ አንድ ቀን ለአርብ ገበያ ቀያሽ ተልኮ ችካል ሊተክል ሲነሣ ምክክሩ የት ይደረግ ብባል የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ስብሰባው በአዳራሽ፣ የከተማው ሰው በሚመቸው ቀን አይሁን። አርብ ይሁን፤ ሜዳው ላይ። ካርታው ከግድግዳ ወርዶ መሬት ላይ በኖራ ይሣል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንዲራመድበት። ለባለሙያዎቹ አበል ተከፍሎ፣ በየተራው እየዞሩ፣ ለየብቻ ይጠይቁ፤ ሸክላ ተራን ለብቻ፣ ቅቤ ተራን ለብቻ፣ ሴቶቹን ያለ ባሎቻቸው፣ አህያ ነጂዎቹን ያለ አለቆቻቸው። የሚጠየቀውም «ፕላኑ እንዴት ነው?» ተብሎ አይሁን። ዝናብ ሲጥል ወዴት ትጠለላላችሁ? ውኃ ከየት ትጠጣላችሁ? ሽንት ቤት የት ትሄዳላችሁ? ቀረጡ የሚሰበሰበው ለምን እንደሚውል ታውቃላችሁ? ይህ ሜዳ ግማሽ ሰዓት ቢርቅ ማን ይቀራል? ከዚያ ምን መልስ እንደተገኘ፣ በመልሱም የትኛው መስመር ከካርታው ላይ እንደተነሣ በሳምንቱ አርብ እዚያው ሜዳ ላይ ይነገራቸው። አንድም መስመር ካልተነሣ ይህም ይነገራቸው፤ ከነምክንያቱ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የቆላዋ ሴት አህያዋን ጭና መውረድ ትጀምራለች፤ ቁልቁለቱ ሳይጨልም የሚያልቅ አይደለም።